ስለ ጋሽ ጣሰው የተጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

በእኛ ሰፈር ሰው መሞቱን የምናምነው ጋሽ ጣሰው ሲሉ ነበር። ስልክ በየኪሱ ገብቶ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤቱን ሁሉ በሚያዳርስበት ጊዜ እንኳ፣ ጥሩምባቸው ከላይኛው መንገድ ተሰምቶ ስሙን እስኪጠሩ ድረስ ሟቹ ገና ያላለቀለት ይመስለን ነበር። የዕድራችን ለፋፊ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጋት ላይ የቦንጋን አቀበትና ቁልቁለት እየወጡና እየወረዱ ሞት ሲናገሩ ኖረዋል። ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ በዘበኝነታቸው የሚያውቃቸው ግን እምብዛም ነው።

እኔ ጎረቤታቸው ነርስ አሰለፈች ነኝ። ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ዓምና አረፉ፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ብጽፍ ኖሮ ዓይኔን አያዩትም ነበር። አሁን የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ደፋር ብሆን ኖሮ ያኔ እናገር ነበር።

ጋሽ ጣሰው መርዶ የሚያረዱበት የራሳቸው ወግ ነበራቸው። ጥሩምባውን ከመንፋታቸው በፊት የሐዘንተኛውን ጎረቤቶች በር ያንኳኳሉ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ይመርጡና፣ "አንቺ ወገቧን ትይዣለሽ፣ አንቺ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ትጠብቂያለሽ" ብለው ያሰማራሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይገባሉ። "ሞተ" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አባቴ ያረፈ ጊዜ "አሰለፈች፣ ልጄ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ" ብቻ ነው ያሉኝ፤ ብለውም አብረውኝ አለቀሱ። ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ እህል አይቀምሱም ነበር። ሞት በበዛበት ሳምንት ሰውዬው ሰው ሲቀብሩ ራሳቸው በረሃብ ሊያልቁ ነው እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሥላሴ የልብ ወዳጃቸው ናቸው። ሁለቱም የማንኪራ ልጆች ናቸው፤ ለትምህርት ወደ ከተማ የመጡት በአንድ ቀን ነው። ጋሽ ጣሰው ከአራተኛ ክፍል ቀሩ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ ተምረው መምህር ሆኑ። ይህ ልዩነት በመካከላቸው ገብቶ አያውቅም። ቡና ሲደርስ ወደ ማንኪራ የሚወርዱት አብረው፣ የሚመለሱት አብረው ነበር። አንዱን ብቻውን ያየ ሰው ሌላውን "የት ጣልከው?" ብሎ ይጠይቃል።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ጥሩምባው አልነፋ አለ። ተበስቶ ይሆናል ብለው ወደ ቀጥቃጭ ወሰዱት፤ ደህና ነበር። አየር መያዝ ያቃተው ከንፈራቸው ነው። ቀጥሎ ድምፃቸው በአፍንጫቸው መውጣት ጀመረ፤ ስም ሲጠሩ ማን እንደሞተ ግራ እየገባን ከየበራችን እየወጣን መጠያየቅ ያዝን። ሰው "ጋሽ ጣሰው መቅመስ ጀምረዋል" አለ፤ ከበዓል ጠጅ በቀር የማያውቁትን ሰውዬ። ብዙም ሳይቆይ እጃቸው የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ማዞር ተሳነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይኼኛውን ግን ሁላችንም እያየን እንዳላየን ሆንን። ለቅሶ ቤት ገብተው ሬሳው ሳይወጣ "ምሳ የለም እንዴ?" ይላሉ። ከሰው ሳህን ላይ ያነሣሉ። ስኳር በእፍኛቸው ይቅማሉ። ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲያለቅስ ጭራሽ እንዳልሰሙ ተነሥተው ይሄዳሉ። እትዬ በዛወርቅ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጠው በየለቅሶው አጠገባቸው መቀመጥ ጀመሩ። እኛም "እርጅና ተጫናቸው" አልን። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ የጋሽ ወልደሥላሴ ልጅ ማሙሽ ሞተ። ደካ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለዕድሩ ጸሐፊ ለግዛቸው ነው። ግዛቸውም እንደ ወጉ ጋሽ ጣሰው ቤት ሄዶ "ጎረቤቶቹን ያዘጋጁልን፣ እኛም ተከትለን እንመጣለን" አላቸው።

ጋሽ ጣሰው ማንንም አላዘጋጁም። በቀጥታ ወደ ወዳጃቸው ቤት ሄዱ። ባልና ሚስቱ ቁርስ ላይ ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው "ማሙሽ ሞቷል፤ መኪና ነው" አሉና ሳቁ። ሳቁም አልቆም አላቸው። እየሳቁ ገብተው ከገበታው ዳቦ ቆርሰው ጎረሱ። የማሙሽ እናት ሲወድቁ የያዛቸው ሰው አልነበረም፤ ግንባራቸው ከበርጩማው ጠርዝ ተጋጭቶ ተፈነከተ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ከተማው "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" አለ። ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ድሮም በማሙሽ ይቀኑ ነበር ተባለ። የአርባ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ጠዋት ቅናት ሆኖ ቀረ። እኔም ይህንን ወሬ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት የተካንኩበት ሙያ ነው።

ዕድሩ ጋሽ ጣሰውን ከለፋፊነት አገዳቸውና ከአርባው በኋላ ጉዳያቸውን ለማየት ቀጠሮ ያዘ። ቅጣቱ መሰረዝ ነው። የተሰረዘ ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ተሸካሚ የለውም። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሳለ ግዛቸውን ጠርተው፣ "ከመፍረዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው። ታሞ እንደሆነ ወረቀት ያምጣ" አሉት። በሰፈሩ ያለሁት ነርስ እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ወደ እኔ መጣ።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ሚሊዮን የሚባል ወጣት የነርቭ ሐኪም ለሁለት ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጥቶ ነበር። ጋሽ ጣሰውን አስገባኋቸው። ምላሳቸው አፋቸው ውስጥ እንደተኛ ይርገበገባል። የክንዳቸው ሥጋ ከቆዳው ሥር ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ ጉልበታቸውን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ሲጨርስ ወደ ኮሪደር ጠራኝ።

"ሲስተር፣ እንቅስቃሴን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው። መድኃኒት የለንም። ሁለት ዓመት ከቆዩ ጥሩ ነው" አለኝ። ቀጠለና፣ "ሌላም ነገር አለ። ይህ በሽታ ጡንቻን ብቻ ነው የሚነካው ይባል ነበር፤ አይደለም። የብዙዎቹን አስተሳሰብና ጠባይም ይለውጣል። ሰው ሲያለቅስ አያዝኑም፤ ይሉኝታ ይጠፋባቸዋል፤ ያገኙትን ይበላሉ። ቤተሰብ ክፋት እየመሰለው ይጣላቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም ታማሚ እንጠይቃለን፤ ፎርም አለው" አለ።

የማሙሽ ነገር በአንድ ጊዜ በራልኝ። ጋሽ ጣሰው አልቀኑም፤ ታመዋል! ይህን የምትል አንዲት መስመር ጋሽ ወልደሥላሴ እጅ ብትገባ ነገሩ አለቀ። ደስ አለኝ። በሰው በሽታ ደስ ብሎኝ ለእትዬ በዛወርቅ ልነግራቸው ሮጥኩ።

እሳቸው ግን እጄን ይዘው የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉ። "ለማዕረግ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አሉኝ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ። ማዕረግ አንድ ልጃቸው ናት። "የእብድ ልጅ ከተባለች ማን ያገባታል? ዘር ነው ይላሉ።"

"እብደት አይደለም እኮ እትዬ፣ በሽታ ነው።"

"ለአንቺ በሽታ ነው። ለእነሱስ?"

እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

"እጁና አፉ ታሟል ብለሽ አጽፊ። የታመመ ሰው ማን ይቀጣል? ጭንቅላቱን ግን አታንሺብኝ። የማስተረጉመው በአንቺ ነው፤ የምልሽን ብቻ በይ።"

ነገሩ ልክ መሰለኝ። አፉ የተሳሰረ፣ እጁ የሰለለ ሰው አይተው የሚጨክኑ አልመሰለኝም። ክፍሌ ግድግዳ ላይ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚል ጽሑፍ ለጥፌ የምሠራ ነርስ፣ ለመደበቅ ተስማምቼ ወጣሁ።

ምርመራው የጀመረው በራሳቸው በጋሽ ጣሰው ነው። ዶክተሩ በአንድ ደቂቃ የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ እንዲጠሩ ጠየቃቸው። ላም አሉ፤ ፍየል አሉ፤ ደግመው ላም አሉና ሳቁ። አንድ አጭር ታሪክ አንብቦላቸው ድገሙልኝ ሲላቸው መስኮቱን ያዩ ነበር። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፣ አፋቸውም ታሟል፣ ትምህርታቸውም አራተኛ ክፍል ነው። በዚህ ብቻ አልፈርድም። ዋናው የባለቤታቸው መልስ ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባት ትንሽ ውጭ ይቆዩልንና እናትን ለብቻቸው እናነጋግራቸው" አለ።

"ጋሽ ጣሰው፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን" ማለት ብቻ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለ። አባቴን ያረዱኝን፣ አብረውኝ ያለቀሱትን ሰው፣ ልናማዎ ነውና ይውጡልን እንዴት ልበላቸው? በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰውን አስወጥቶ ስለ እሱ መነጋገር ነውር ነው። ለዶክተሩም ይህንኑ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላም ነበር። ጋሽ ጣሰው ቢወጡ እትዬ በዛወርቅ ልባቸው ተከፍቶ ሊናገሩ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ከተናገሩ ደግሞ እኔ መተርጎም ሊኖርብኝ ነው። "ችግር የለም ዶክተር፣ እዚሁ ይጠይቋቸው" አልኩ።

ጥያቄዎቹ አምስት ነበሩ።

"በፊት የማያደርጉትን ነውር ነገር ማድረግ ጀምረዋል?"

"ኧረ እሱ! በጭራሽ" አሉ እትዬ በዛወርቅ፤ ተረጎምኩ።

"ነገር ዓለሙን ትተው፣ ምንም የማያሳስባቸው ሆነዋል?"

"ድሮም ዝምተኛ ነው።"

"አንድ ነገር እየደጋገሙ ያደርጋሉ?"

"የለም።"

"አበላላቸው ተለውጧል?"

"እንደ ድሮው ነው።" ይህን ሲሉ ጋሽ ጣሰው እጃቸውን ዘርግተው ከዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ብስኩቱን ወሰዱና በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ "ይብሉ አባት፣ ይብሉ" አለ። ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ጋሽ ጣሰው ሰው ቤት ሳይለመኑ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው እንደነበሩ በምን ይወቅ? እኔ ግን አውቅ ነበር። ወደ ፎርሙ አቀረቀርኩ።

"ለሰው ማዘን፣ የሰውን ስሜት መረዳት ቀንሶባቸዋል?"

እትዬ በዛወርቅ የነጠላቸውን ጥለት በጣቶቻቸው ሲጠቀልሉ ቆዩና፣ "እሱ ለጉንዳን የሚያዝን ሰው ነው" አሉ።

"ሲስተር፣ እርስዎም ጎረቤት ነዎት። የሚጨምሩት አለ?"

"የለም" አልኩ።

ዶክተሩ ጠንቃቃ ሰው ነበር። በሽታውን በሰፊው ጻፈ፤ እጅ፣ አፍ፣ መዋጥ፣ ሁሉንም ዘረዘረ። ከሥሩም አንድ መስመር ጨመረ፦ የአስተሳሰብና የባህርይ ለውጥ ምርመራ ተደርጎላቸው፣ ከቤተሰብ በተገኘው መረጃ መሠረት ለውጥ አልታየባቸውም። አንብቤ ማኅተም አስመታሁ። በማግስቱ እሱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

የዕድሩ ስብሰባ እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። አንድ ለአምስት ስንጠረነፍ የምንቀመጥባቸው አግዳሚዎች ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ ወልደሥላሴ የዳኛውን ወንበር ለሌላ ሰው ለቀው ከተራው ሰው ጋር ነበሩ። ጋሽ ጣሰው እቤት ቀሩ፤ በእሳቸው ፈንታ እትዬ በዛወርቅና እኔ ሄድን። ከፊታችን ባለው አግዳሚ ማዕረግን የጠየቀው ልጅ አጎት ተቀምጠዋል።

ግዛቸው ወረቀቱን አነበበ። እጅና አፍ የሚለው ላይ ሲደርስ ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እፎይ አልኩ። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር አነበበ።

"እስቲ እሷን ድገማት" አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። ደገማት።

ተነሥተው ቆሙ። "እኔ ይህን ወረቀት ስጠብቅ አርባ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጭንቅላቱን ነክቶታል ቢል ኖሮ አሁኑኑ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ልጄም አይቆጨኝም ነበር" አሉ። "እጁ ታሟል፤ እጁ አልሳቀብኝም። አእምሮው ጤነኛ ነው ካላችሁ ምን እላለሁ? የፈለጋችሁትን ፍረዱ።"

ያን ጊዜ መነሣት ነበረብኝ። ጉልበቴ ሊነሣ ሲል እትዬ በዛወርቅ ክንዴን ጨበጡት፤ ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ዓይናቸው የልጁ አጎት ላይ ነበር። ቁጭ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟ እኔና ወረቀቱ በዚያ አዳራሽ ተገናኝተን ነበር። ጋሽ ጣሰው ተሰረዙ።

በሳምንቱ ለዶክተር ሚሊዮን ደወልኩለት። ያደረግሁትን ነገርኩት። "ባለቤታቸው እውነቱን በራሳቸው አፍ ይንገሩኝ እንጂ ሌላ ወረቀት ዛሬ እጽፋለሁ" አለ። እትዬ በዛወርቅን ለመንኳቸው። ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር፤ ቃልም ተሰጥቶ ነበር። "ሠርጓ ይለፍ" አሉ። በማርያም አስማሉኝ፤ ማልኩ። ሠርጉ ደግሞ በሙሽራው ቤት ጉዳይ ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ።

ጋሽ ጣሰው ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። መጀመሪያ እግራቸው፣ ከዚያ አንገታቸው፣ በመጨረሻ ትንፋሻቸው ከዳቸው። ለሰፈሩ ሁሉ ሲሮጡ የኖሩት ሰውዬ በር ላይ የጠያቂ ጫማ ቆሞ አያውቅም ነበር። እኔ ከሥራ ስወጣ ገብቼ ገላቸውን አገላብጣለሁ። አንዳንዴ ያዩኛል፤ ምን እንደሚያስቡ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቀን ግን "ማሙሽ ደህና ነው?" አሉኝ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው። ደህና ነው አልኳቸው፤ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 2007 ዓ.ም. አረፉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ ለእሳቸው ጥሩምባ የነፋ የለም። ባለሱቁ ሰማን ሙስሊም ነው፤ ከዕድራችን ስላልሆነ ክልከላው አይነካውም፤ ከወንድሞቹ ጋር መጥቶ ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከመ። ከቄሱ ጋር አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

በሠልስቱ መሐላዬን አፍርሼ ጋሽ ወልደሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አምስቱን ጥያቄዎች፣ ብስኩቱን፣ ስለ ማሙሽ የጠየቁኝን ጭምር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። "ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ" አሉ ብቻ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊቴ ወጡ፤ ለመድረስ መሮጥ ነበረብኝ።

እትዬ በዛወርቅ ቤት በሩ ላይ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ማዕረግ ከጓዳው ብቅ ብላ ቆመች። "በዛወርቅ፣ አላወቅሁም። በሽታው ጭንቅላቱን እንደነካው አላወቅሁም፤ አሰለፈች ዛሬ ነገረችኝ። አንቺም እሱም ይቅር በሉኝ" አሉ እያለቀሱ።

እትዬ በዛወርቅ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። "አሰለፈች ተሳስታለች" አሉ። "የታመመው እጁና አፉ ነበር። አእምሮው ሙሉ ነበር። እናንተው ያነበባችሁት ወረቀት አለ።"

ጋሽ ወልደሥላሴ ቀስ ብለው ተነሡ። "እንግዲያው እያወቀ ነው የሳቀብኝ" አሉና፣ ጉልበታቸው ላይ የያዘውን አፈር እንኳ ሳያራግፉ ሄዱ።

እኔ ቱግ አልኩ። ሐዘን ቤት መሆኑን ረስቼ ጮኽኩ። "ሰውዬው ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ! ጋሽ ጣሰው ክፉ ተብለው ይቅሩ ነው የሚሉት?"

እትዬ በዛወርቅ ማዕረግ ወደ ጓዳ እስክትመለስ ጠበቁ። "ከማሙሽ ስድስት ወር በፊት እናቴ ሞተች" አሉ በለሆሳስ። "መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳለቅስ ጣሰው ተራምዶኝ አለፈና ሬዲዮ ከፈተ። ድምፁን ጨመረው። የእኔ ጣሰው የሞተው ያን ቀን ነው፤ ለማን እነግራለሁ? ብቻዬን ቀበርኩት። የቀረችኝን ደግሞ መዳር አለብኝ።"

ከዚያ ተነሥተው ለለቅሶ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ ወንበሮቹን ማስተካከል ጀመሩ።